ከጦሳ ሥር እስከ ማልዲቭስ፦ የጥር የጉዞ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ

የተነሳነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የደሴን የጥር ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጋቢያችንን ደርበን ፒያሳ ላይ መኪና ስንጠብቅ ጎረቤታችን ሐጂ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ አገኙን።

"በዚህ ብርድ ወዴት ናችሁ ልጆቼ?"

"ማልዲቭስ ነው ሐጂ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለ የደሴቶች አገር" አለቻቸው ባለቤቴ።

"አውቀዋለሁ እንጂ! የእስላም አገር ነው። በሉ መስጊዳቸውን አይታችሁ ትነግሩኛላችሁ። አላህ በሰላም ይመልሳችሁ።"

አሜን ብለን ተሳፈርን።

ጉዞውን የከፈለችልን ዱባይ የምትሠራው የባለቤቴ እህት ናት። ሠርጋችን ላይ መገኘት አልቻለችም ነበር። "ያኔ ያልሰጠኋችሁ ስጦታ ነው" ብላ ቲኬቱንም የሪዞርቱንም ሒሳብ ከፍላ ከጨረሰች በኋላ ነው የነገረችን። እምቢ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጠችንም። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ሆቴል ነው የምሠራው። አንድ ደሴት ሙሉ ለአንድ ሆቴል ብቻ የሚሰጥበት አገር ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ማየት እፈልግ ነበር። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ከመዝናናቱ ይልቅ ስለ ሥራው ካበዛ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፣ ከዚያ ጋቢው ይከብድሃል። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ስንደርስ ሁለቱም ጋቢዎች ሻንጣ ውስጥ ገብተው ነበር። አዲስ አበባ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በታች በቃን።

መሄድ ለሚያስብ አንድ ሁለት ነገር ልንገር። ማልዲቭስ ለአብዛኛው አገር ፓስፖርት ስትደርስ የ30 ቀን ቪዛ በነፃ ይመታል። የኢትዮጵያም ፓስፖርት ቢሆን። የሚጠይቁህ የመመለሻ ቲኬት፣ የያዝከው ማረፊያና ለቆይታህ የሚበቃ ገንዘብ ነው። ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም አለ። ከኛ አገር ለሚነሳ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግድ ነው። አረቄ እንዳትይዝ፤ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እኛ የያዝነው ቡና፣ ዳቦ ቆሎና ትንሽዬ ጀበና ነው።

እሁድ፣ ማሌ እና ባአ

ሌሊቱን በዱባይ አልፈን ማሌ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከላይ ሲታይ መሬት የሚባል ነገር የለም። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቀለበት፣ እንደገና ሰማያዊ። አገሩ 1,192 ገደማ ደሴቶች አሉት ይባላል። ሰው የሚኖርባቸው ግን 200 አይሞሉም። ቀለበቶቹ ኮራል የሚባል፣ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር የባሕር እንስሳ የሠራቸው ናቸው። ድሮ በባሕሩ ውስጥ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ዙሪያውን ኮራል በቀለ፤ ተራራው ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ኮራሉ ወደ ላይ እያደገ ቀረ። የአገሩ ከፍተኛ የተፈጥሮ ቦታ ከባሕር ወለል 2.4 ሜትር ገደማ ነው። እኛ ከጦሳ ተራራ ሥር የመጣን ሰዎች ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን።

አየር ማረፊያው ራሱን የቻለ ደሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዋና ከተማዋ ከማሌ ጋር በድልድይ ተያይዟል። እኛ ግን ወደ ማሌ አልሄድንም። በባሕር ላይ የምትነሳ ትንሽ አውሮፕላን ጠበቀችን። እነዚህ አውሮፕላኖች በቀን ብርሃን ብቻ ስለሚበሩ ማታ የሚገባ እንግዳ ማሌ ማደር አለበት። ፓይለቱ ቁምጣ ለብሶ በባዶ እግሩ ነው የገባው። ባለቤቴ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ "ጫማ የለውም እኮ!" አለችኝ። ሁሉም እንዲሁ ናቸው። እግራቸው ከውሃ ስለማይወጣ ጫማ አይመቻቸውም።

ያረፍነው ባአ በሚባለው የደሴቶች ቀለበት ውስጥ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው አካባቢ ነው። ከእንጨት ድልድዩ ላይ ቀዝቃዛ ፎጣና የዝንጅብል መጠጥ ይዘው ተቀበሉን። ሪዞርቱ ሰዓቱን ከማሌ በአንድ ሰዓት ያስቀድማል። እንግዳው ማታ ላይ ብርሃን እንዲበዛለት ነው። በስልኬ የደሴን ሰዓት፣ የማሌን ሰዓትና የደሴቱን ሰዓት እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሰኞ

ከጎህ በፊት ነቃሁ። አሸዋው ላይ መጥረጊያ የያዙ ሰዎች በሰልፍ ይሄዳሉ። የትናንቱን የእግር ዱካ ሁሉ እያጠፉ ነው። እንግዳው ሲነሳ አሸዋው ማንም ያልረገጠው ይመስላል። ሥራውን ስለማውቀው ዓይኔ ከእነሱ ላይ አልነቀል አለ። ጎንበስ ብሎ መቶ ሜትር መጥረግ ቀላል አይደለም።

ከቁርስ በኋላ ሥራዬን ነግሬ የደሴቱን ጀርባ እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ደስ ብሏቸው አሳዩኝ። ይህ ክፍል በብሮሹር ላይ አይወጣም። ጥቅጥቅ ካለ የዛፍ አጥር በስተኋላ ሌላ ከተማ አለ። የሠራተኞች መኝታ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ አናጺ ቤት፣ መስጊድ፣ የእግር ኳስ ሜዳ። የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ ቀን ከሌት አይቆሙም። ሠራተኞቹ ከማልዲቭስ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሕንድ፣ ከስሪላንካ የመጡ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የቆየሁት የውሃ ክፍሉ ጋ ነው። ደሴ ውስጥ ሆቴል የሠራ ሰው ውሃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ፈረቃው መቼ እንደሚደርስ እያሰላህ፣ ሮቶው እንዳይጎድል እየወጣህ እያየህ፣ ሲብስ ቦቴ እየደወልክ ነው የምትኖረው። እዚህ ደግሞ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። የባሕሩን ውሃ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ቀጭን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ውስጥ ያሳልፉታል። ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ንጹሕ ውሃ ያልፋል። ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፕ፣ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተሩ ነው። ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ናፍጣ ደግሞ በመርከብ ይመጣል። ኃላፊው አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ሰጠኝ። ቀመስኩት። ጨው የሚባል የለበትም። ከመታጠቢያ የወጣው ውሃ ታክሞ ዛፎቹን ያጠጣል። ፕላስቲክ ጠርሙስ የለም፤ ውሃውን ራሳቸው በመስታወት ጠርሙስ ይሞላሉ። ይህቺን ነገር ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። ለኛም የምትሆን ናት።

ማታ ለባለቤቴ ስለ ውሃው ስነግራት "የመጣነው ለእረፍት ነው አይደል?" አለችኝ። ግን እሷም ሻወሩን ዘጋ አድርጋ መታጠብ ጀመረች።

ማክሰኞ

ዛሬ ባሕር ገባን። እኔ ዋና የለመድኩት ሐይቅ ነው፤ ልጅ ሳለሁ አጎቴ ዘንድ ክረምቱን ስለማሳልፍ። ባለቤቴ አትችልም። ተንሳፋፊ ጃኬት አድርገውላት፣ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ሰጥተዋት አንዲት የማልዲቭስ ልጅ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

መጀመሪያ እስከ ወገብ የሚደርስ ሙቅ ውሃና ነጭ አሸዋ ነው። ትንንሽ፣ ክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ ሻርኮች በእግርህ ሥር ያልፋሉ። ሰው የሚነኩት ከስንት አንዴ ነው፤ እንዲያውም ከሰው ይሸሻሉ። አገሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ሻርክ ማጥመድን ከልክሎ ነበር። ከዚያ አሸዋው ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። በውሃ ውስጥ ያለ ገደል። ከአፋፉ ላይ ተንሳፍፈህ ቁልቁል ስታይ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ የቆምክ ያህል ሆድህ ባዶ ይሆናል። በገደሉ ግድግዳ ላይ ዓሣው ብጫ፣ ሐምራዊ፣ ባለ ነጠብጣብ። ዓይናችን አዋጅ ሆነበት።

አንዱ ዓሣ ኮራሉን ሲነክስ ድምፁ ይሰማል። ቀርቀጭ፣ ቀርቀጭ። አፉ የበቀቀን መንቁር ይመስላል፤ ስሙም የበቀቀን ዓሣ ነው። ልጅቷ ጣቷን ቀስራ አሳየችን፤ ዓሣው ከኋላው ነጭ ደመና ለቀቀ። ከውሃ ስንወጣ ነገሩን አስረዳችን። ኮራሉ ላይ የበቀለውን ሲበላ ድንጋዩን አብሮ ይፈጫል፣ የተፈጨው አሸዋ ሆኖ ይወጣል። አንድ ትልቅ ዓሣ በዓመት በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር አሸዋ ያመርታል። የተኛንበት ነጭ የባሕር ዳርቻ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ግን ኮራሉ ሁሉ ሕያው አይደለም። ሰፊው ቦታ ግራጫ ፍርስራሽ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 ባሕሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ነጥቶ ብዙው ሞቷል። ልጅቷ ይህን ስትናገር ድምጿ ተለወጠ። ኮራሉ ከሞተ ማዕበሉን የሚሰብርላቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ናሺድ ከሚኒስትሮቻቸው ጋር ባሕር ውስጥ ጠልቀው ስብሰባ ያደረጉት የባሕሩ ከፍ ማለት አገሩን እንደሚያሰጋ ለዓለም ለማሳየት ነው።

ከድንጋይ ሥር አንድ ዛጎል አየሁ። አማቴ አገልግላቸው ላይ የሰፉት ዓይነት ነው፤ ይኼኛው ግን ውስጡ ቀንድ አውጣው ነበረ፣ ይንቀሳቀስ ነበር። ዛጎል ከነዚህ ደሴቶች እየተጫነ ለብዙ መቶ ዓመታት እስከ ቤንጋልና እስከ ምዕራብ አፍሪካ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። አልነካሁትም።

ረቡዕ፣ ጾም

ቡፌው ላይ የሌለ ነገር የለም፤ ለጾመኛ ግን ፈተና ነው። ባለቤቴ ከስሪላንካ የመጣውን ምግብ አብሳይ ጠርታ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማንበላ ነገረችው። ሰውየው ፈገግ አለ። ምስር በኮኮናት ወተት፣ ቃሪያ የበዛበት የዱባ ወጥና ስስ ቂጣ ሠርቶ መጣ። ቅመሙ ከኛ ብዙም አይርቅም። ከቡፌው ሁሉ ያ ነው የጣመኝ።

ከሰዓት ከአንድ ወጣት አስተናጋጅ ጋር ረጅም ወሬ ያዝን። ከሩቅ የምትታየውን ጥቁር መስመር በጣቱ አሳየኝ። የሱ ደሴት ናት። እናቱ እዚያ ናቸው። "እናትህ እዚህ መጥተው ያውቃሉ?" አልኩት። "አያውቁም" አለኝ። ደሴቱ በሊዝ የተሰጠ ነው፤ የሚገባው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሠራተኛ። ልጅ ሳለ አባቱ ወደዚህ ዳርቻ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ትናንሽ ዓሣ ፍለጋ ይመጡ እንደነበር አጫወተኝ። ያኔ ሪዞርቱ አልነበረም። በቁጭት አልነበረም የነገረኝ። ደመወዙ ታናናሾቹን ያስተምራል። እኔን ግን ቆረቆረኝ።

የመጀመሪያው ሪዞርት ኩሩምባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። አሁን ከ170 በላይ ሆነዋል። ሕዝቡ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የገባው ጎብኚ ከ2 ሚሊዮን በላይ። እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ የመንግሥቱ ሐሳብ እንግዳውንና ነዋሪውን ለያይቶ ማኖር ነበር። መጠጥና መዋኛ ልብስ በሪዞርቱ፣ ሃይማኖትና ባህል በመንደሩ። ሐሳቡን እረዳዋለሁ። ክብራቸውን ጠብቀውበታል፣ አገሪቱም ገቢ አግኝታበታለች። በሪዞርት የሚያድር ሰው ለአረንጓዴ ግብር ብቻ በሌሊት 12 ዶላር ይከፍላል፤ ከሒሳቡ ላይ ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎትና 17 በመቶ የቱሪዝም ታክስ ይጨመራል። ግን የገዛ ባሕራቸውን ዳርቻ ለመርገጥ የሥራ መታወቂያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ይህ ልክ አይመስለኝም። የገንዘቡ መብዛት አይመልሰውም።

በሌላኛው ጎን አንድ ጀልባ ከባሕሩ ወለል አሸዋ እየሳበ በቱቦ ዳርቻው ላይ ይተፋል። ነፋሱ በዓመት ሁለቴ አቅጣጫ ሲቀይር አሸዋው ከደሴቱ አንድ ወገን ወደ ሌላው ይዞራል። ቪላ ግን አብሮ አይዞርም። ስለዚህ የተሸረሸረውን ይመልሱታል፣ ባሕሩ እንደገና ይወስደዋል።

ሐሙስ፣ ማፉሺ

የመጨረሻውን ሌሊት በነዋሪ ደሴት እንድናሳልፍ የለመንኩት እኔ ነኝ። በትንሿ አውሮፕላን ወደ ማሌ፣ ከዚያ በስፒድቦት ወደ ማፉሺ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተቀየረ በኋላ የመንደር እንግዳ ማረፊያ ቀድሞ የተስፋፋው እዚህ ነው። አረንጓዴ ግብሩም ለትናንሾቹ ማረፊያዎች 6 ዶላር ነው።

እንደደረስን ድምፅ ተቀበለን። ሞተር ሳይክል፣ አዛን፣ የትምህርት ቤት ልጆች። ትከሻዬ ፈታ አለ። ሪዞርቱ ላይ ዝምታው እንደከበደኝ የገባኝ ያኔ ነው። ከየቤቱ ደጃፍ ከብረትና ከገመድ የተሠራ የመረብ ወንበር አለ። አመሻሹ ላይ ሴቶቹ እሱ ላይ ተደላድለው ያወጋሉ። ለጎብኚ መዋኛ ልብስ የተፈቀደው ተከልሎ በተለየ አንድ ዳርቻ ብቻ ነው፤ ሌላው የመንደሩ ነው። መጠጥ የለም። የፈለገ ራቅ ብሎ ባሕር ላይ ወደቆመ መርከብ ይሄዳል።

ሪዞርቱ ቪላ ውስጥ የጭስ መቆጣጠሪያው ስለሚጮህ ቡናችን ሳይነካ ከርሞ ነበር። የማረፊያው ባለቤት እናት ጀበናውን ሻንጣችን ላይ ሲያዩ ምንድነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ጓዳቸው የኛ ሆነ። ባለቤቴ በጠፍጣፋ መጥበሻ ቆላች፤ ጭሱን ይዛ ዞረች፤ ሴትየዋ በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡት። ማንም አላስተማራቸውም። ሙቀጫ ስለሌለ የዓሣ ቅመም በሚወቅጡበት ተወቀጠ። ቡናው ትንሽ ቃሪያ ቃሪያ አለ። ጎረቤቶቻቸው ተጠሩ። እኛ ዳቦ ቆሎ፣ እነሱ በቱና ዓሣና በኮኮናት የተሞላ ጥብስ አቀረቡ። የልጃቸው ልጅ እያስተረጎመች እስከ ማታ አወጋን። የሒሳቡ ብር ከእጄ ወደ እጃቸው ሲገባ አየሁት።

ዓርብ፣ ማሌ

ዓርብ የእረፍት ቀን ነው። በጁምዓ ሰዓት ከተማው ጸጥ ይላል። ከሶላት በኋላ አሮጌውን የጁምዓ መስጊድ ከውጭ አየነው። እ.ኤ.አ. በ1658 ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። ድንጋዩ እንደ እንጨት ተጠርቦ፣ አንዱ ካንዱ ተገጣጥሞ ነው የቆመው። ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል። ፎቶውን እዚያው ቆሜ ለሐጂ ልጅ ላክሁት። ወዲያው ስልኩን ለራሳቸው ሰጥቷቸው ኖሮ ድምፃቸውን ቀድተው መለሱልኝ። "ማሻአላህ! ድንጋዩን ከባሕር ነው ያወጡት? ጣራውንስ አሳየን እንጂ!" ጣራውን አነሳሁላቸው። ማታ በረርን።

እሁድ፣ ሐይቅ

ትናንት ደሴ ገባን፣ ዛሬ አጎቴን ለመጠየቅ ሐይቅ ወጣን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ዳር ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ከደሴ የመጡ ቤተሰቦች ዓሣ ይበላሉ። ወዲያ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቋቋሙት ነው። ያኔ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል።

ለአጎቴ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። "እዚህም ኢንቨስተር ይመጣል፣ አይቀርም" አሉ። ይምጣ። ሥራ ያስፈልገናል። ግን ውሃው ዳር አጥር እንዳይቆም አሁኑኑ መነጋገር አለብን። ዳርቻው የሁሉም ሆኖ ይቅር፤ ሎጁ ከኋላ ይሠራ። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያስርበት፣ ልጁ የሚዋኝበት ቦታ በጽሑፍ ይታወቅ። ማልዲቭሶች መንደራቸውን ለእንግዳ ለመክፈት እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ጠብቀዋል። እኛ ከመንደሩ መጀመር እንችላለን።

አጎቴ ግቢ ውስጥ ባዶ የቆሙ ክፍሎች አሉ። ባለቤቴ ገብታ በእርምጃ ለካቻቸው። ሁለቱን አድሰን ለእንግዳ እንክፈት ትላለች፤ ቁርስ በአካባቢው እንጀራና ዓሣ፣ ውሃ በመስታወት ጠርሙስ። አጎቴ ሦስቱንም ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ሮቶ እንግዛ ነው የምለው። እስካሁን አልተስማማንም፤ በሚቀጥለው እሁድ አናጺ ይዘን እንመለሳለን።